ፖሊስ የነበረ ሰው ተፈላጊ ሲሆን

ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት፣ ካሊኮ ሮክ ከምትባል ከተማ አጠገብ ባለ ማረሚያ ቤት አንድ እስረኛ የደንብ ልብስ የሚመስል ጥቁር ልብስ ለብሶ ወደ በሩ ሄደ። ልብሱን የሠራው ራሱ ነው። በሚሠራበት ወጥ ቤት ያገኛቸውን ልብሶች በጥቁር ማርከር ቀብቷቸዋል። ባጁን ከጣሳ ክዳን ነው የሠራው። በሩ ጋ ሲደርስ ጠባቂውን «ክፈት» ብሎ አዘዘው። ጠባቂው ማንነቱን ሳያጣራ ከፈተለት። ሰውየው ወጣ፤ ጫካ ገባ።

ግራንት ሃርዲን ይባላል። በሰው ግድያና በአስገድዶ መድፈር በድምሩ የ80 ዓመት ፍርደኛ ነው። ከመታሰሩ በፊት ደግሞ ፖሊስ ነበር። ወደ 450 ገደማ ሰው የሚኖርባት የጌትዌይ ከተማ የፖሊስ አዛዥ ሆኖም ሠርቷል።

ዜናው ሐዋሳም ደርሶ ሲወራ ሰንብቷል። ብዙ ሰው የገረመው የሰውየው ብልጠት ነው። ስድስት ወር ሙሉ ሲዘጋጅ፣ ዕቃውን ወጥ ቤት ባለ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ሥር ሲደብቅ፣ በሩ ባይከፈት የሚወጣበት መሰላል ከእንጨት ርብራብ ሲሠራ ማንም አላየውም። እውነት ነው፣ ተዘጋጅቷል። እኔን ግን የያዘኝ ጠባቂው ነው። መሰላሉ ሳያስፈልግ ቀረ። በሩን የከፈቱት ልብሱና ድምፁ ናቸው።

ፖሊስ የነበረ ተፈላጊን ከሌላው ተፈላጊ የሚለየው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕዝቡም ባልደረቦቹም ለልብሱ የሰጡትን አክብሮትና ፍርሃት ይዞ ነው የሚሄደው። መሣሪያውን ብትቀበለው፣ መታወቂያውን ብትነጥቀው ይኼ አብሮት ይቀራል። እኛ ካልወሰድንበት ማንም አይወስድበትም።

የሃርዲንን ሕይወት ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ሰው ከእስር ቤት ያመለጠ ቀን ብቻ ተፈላጊ የሚሆን ይመስለናል። የእሱ ታሪክ እንደዚያ አይደለም።

ፖሊስነት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ፌየትቪል ከተማ ነው። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ የሙከራ ጊዜውን መለኪያ አላሟላም ተብሎ ተሰናበተ። ከዚያ ሌላ ከተማ ቀጠረው። ዩሬካ ስፕሪንግስ በምትባለው ከተማ አዛዡ ሊያባርረው ሲል ራሱ ለቀቀ። ሃንትስቪልም ሠርቷል። እንዲህ እያለ፣ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ጌትዌይ አዛዥ አድርጋ ሾመችው። እዚያም የቆየው ለጥቂት ወራት ነው። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 2017፣ የከተማዋን የውሃ ክፍል ሠራተኛ መኪናው ውስጥ እንዳለ ተኩሶ ገደለው። ጥፋቱን አምኖ 30 ዓመት ተፈረደበት።

ከዚያ በኋላ የመጣው የባሰ ነው። ለግድያው ሲታሰር የዘረመል ናሙና ተወሰደበት። ናሙናው እ.ኤ.አ. በ1997 ሮጀርስ በምትባል ከተማ ከተፈጸመ አስገድዶ መድፈር ጋር ገጠመ። ተጠቂዋ መምህርት ነበረች። እሑድ ቀን የሳምንቱን ትምህርት ልታዘጋጅ ትምህርት ቤት ገብታ ነው ጥቃቱ የደረሰባት። ለ20 ዓመት ያህል ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ኖረ። በዚህ ምክንያት ሌላ 50 ዓመት ተጨመረበት።

አስቡት እንግዲህ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ተፈላጊ ነው። ስሙ አይታወቅም እንጂ ፖሊስ እየፈለገው ነበር። እሱ ግን የፖሊስ አዛዥ እስከመሆን ደረሰ። የተሸሸገው ዋሻ ውስጥ አይደለም፤ የደንብ ልብስ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ስለ ሃርዲን ሲወራ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት አመለጠ?» መሆን የለበትም። «መጀመሪያውኑ ማን አስገባው? አንዱ ጣቢያ ያሰናበተውን ሌላው ሲቀጥረው ለምን አልጠየቀም?» ነው መባል ያለበት። ይህ ጥያቄ ለእኛም ይሠራል። እኛ አገር የፌዴራል ፖሊስ አለ። እያንዳንዱ ክልል የራሱ ፖሊስ አለው። በዚያ ላይ የከተማ ደንብ አስከባሪው፣ ሚሊሻው፣ የግል የጥበቃ ድርጅቱ አለ። ከአንዱ በዲሲፕሊን የተሰናበተ ሰው ሌላው ጋ ሄዶ ሲያመለክት የቀድሞ ፋይሉ አብሮት ይሄዳል ወይ? የሥራ ልምድ ወረቀት ላይ «ከዚህ እስከዚህ ዓ.ም. አገልግሏል» ተብሎ ማኅተም ተመትቶበት ከወጣ ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ዓመታቱ ብቻ ነው። ለምን እንደተሰናበተ አይናገርም። በሐዘኔታ ነው የሚጻፈው። እንጀራው አይዘጋበት ተብሎ ነው። የሐዘኔታው ዋጋ ግን በሌላ ሰው ላይ ይወድቃል።

እኛም ቤት

ሐዋሳ ላይ ይህን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ልናየው አንችልም። በግንቦት 2015 ዓ.ም. አንዲት የከተማችን ወጣት፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ተጠለፈች። ጠላፊው የከተማዋ ከንቲባ ጥበቃ የነበረ የፖሊስ አባል ነው። አገር በሙሉ ስሟን እየጠራ «የት ደረሰች?» ይል ነበር። ስሟን እዚህ አላነሳም፤ የደረሰባት ይበቃታል። ከሳምንት በላይ ከቆየ ፍለጋ በኋላ ነፃ ወጣች። ሰውየውም በኋላ ተይዞ ፍርድ ቤት በጽኑ እስራት ቀጥቶታል።

ያኔ ከተማው እንዴት እንደተናደደ አስታውሳለሁ። ቁጣው ከሌላ ጠለፋ ይለያል። ጠለፋ በአገራችን አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነው ጠላፊው ማን እንደሆነ ነው። ሰው ሲጠለፍ «ፖሊስ ጥሩ!» ነው የሚባለው። ፖሊሱ ራሱ ሲጠልፍ ማን ይጠራል? እናቶች ይህንን ነበር ደጋግመው የሚጠይቁት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከተማችን ውስጥ ካሉ ትልልቅ ሆቴሎች ወይም ባንኮች የአንዱ በር ላይ ለአሥር ደቂቃ ቁሙ። ጥበቃው ቦርሳ ያስከፍታል፣ ወገብ ይዳብሳል። ነጠላ ያጣፉ እናት እንኳ ዘንቢላቸውን ይፈተሻሉ። ተማሪው ላፕቶፑን ያወጣል። የባጃጅ ሹፌሩ «እጅህን ወደ ላይ» ይባላል። የደንብ ልብስ የለበሰ ሲመጣ ግን ጥበቃው ቀድሞ እጁን ወደ ግንባሩ ያነሳና መንገድ ይለቃል። መታወቂያ አይጠይቅም። መጠየቅም አይታሰብም፤ ነውር ይመስላል። ጥበቃውን አልወቅሰውም። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ አንድ ሹም ቢቆጣበት በነጋታው ሥራ የለውም። ፖሊስን መታወቂያ የጠየቀ ጥበቃ እንዲመሰገን ያደረገ መሥሪያ ቤት እስከሌለ ድረስ ጥበቃው ዝም ይላል።

ካሊኮ ሮክ ላይ በሩን የከፈተው ሰው ከሥራ ተባሯል። ሃርዲን ተቆጣጣሪ ሳይኖር ወደ ወጥ ቤቱ ጓሮ እንዲወጣ የፈቀደ ሌላ ሠራተኛም ተባሯል። ሁለቱ ጥፋተኞች ናቸው። ግን ያ ጠባቂ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ለስንት ባለ ደንብ ልብስ እንዲሁ ከፍቶ ይሆን? ልማዱ ነው በሩን የከፈተው።

ይዞት የሚወጣው

ፖሊስ የነበረ ሰው ሲሸሽ የሚያውቀው ብዙ ነው። ተረኛ የሚቀየርበትን ሰዓት ያውቃል። የትኛው ኬላ ሌሊት እንደሚላላ፣ የትኛው አውቶቡስ እንደማይፈተሽ ያውቃል። ከሐዋሳ የሚወጣ ሰው ወደ ሰሜን ሻሸመኔ ላይ፣ ወደ ደቡብ በዲላ አድርጎ እስከ ሞያሌ የት የት እንደሚቆም ያውቃል። ስልክ እንዴት እንደሚጠለፍ ስለሚያውቅ ሲምካርዱን በመጀመሪያው ሰዓት ይጥለዋል። የክስ መዝገብ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ምስክር እንዴት እንደሚፈራ አይቷል።

ከሁሉም በላይ የሰዎች ስልክ አለው። አብሮት የሠለጠነ፣ አንድ ጣቢያ ያደረ፣ በአንድ ሳህን የበላ ጓደኛ አለው። እውነቱን ለመናገር ከባዱ ፈተና የዚያ ጓደኛ ነው። ሌሊት ስልኩ ይጠራል። «ወንድሜ፣ አንድ ቀን ብቻ አሳድረኝ። በሐሰት ነው የከሰሱኝ» ይለዋል። ጓደኛው የሚያውቀው አብሮት በዝናብ የቆመውን ሰው ነው እንጂ ክሱ ላይ የተጻፈውን ሰው አይደለም። በሕጋችን ወንጀለኛን መደበቅና እንዲያመልጥ መርዳት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ፖሊስ ደግሞ ይህንን ከማንም በላይ ያውቃል። ሆኖም ማወቅ ብቻውን ጓደኛን «አይሆንም» አያስብልም። ስለዚህ የአባልን ፍለጋ አብሮት ለሠራ ጣቢያ መስጠት ስህተት ነው ባይ ነኝ። ለጓደኞቹም ከባድ ነው፣ ለተበዳዩም አይታመንም። ሌላ ቡድን፣ ከተቻለም ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ይያዘው።

በአንጻሩ የሚፈራም አለ። ፖሊስ የራሱን ሰው ሲያሳድድ ከመጠን በላይ ሊፈራ ይችላል፤ የፈራ መሣሪያ የያዘ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 2013 ሎስ አንጀለስ የሆነውን ብዙዎች ያስታውሱታል። ክሪስቶፈር ዶርነር የሚባል ከፖሊስነት የተባረረ ሰው የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን እበቀላለሁ ብሎ ተነሳ። አራት ሰው ገደለ። ከተማው በሙሉ ተሸበረ። በአንዱ ማለዳ እዚያው አጠገብ ቶራንስ በምትባል ከተማ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች የእሱ መኪና መስሏቸው አንድ ፒክአፕ ላይ ደጋግመው ተኮሱ። መኪናው ውስጥ የነበሩት ጋዜጣ የሚያከፋፍሉ እናትና ልጅ ናቸው። እናትየው የ71 ዓመት አዛውንት ናቸው። ሁለቱም ቆስለው ተረፉ። የሎስ አንጀለስ ከተማ 4.2 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለች። መኪናው ከሚፈለገው መኪና ጋር በቀለምም በሞዴልም አንድ አልነበረም።

ተፈላጊው የት ነበር? ቢግ ቤር በሚባል ተራራማ ቦታ፣ የፍለጋው ማዘዣ ጣቢያ ከተተከለበት ፊት ለፊት ባለ ቤት ተደብቆ ነበር። መጨረሻው እዚያው አካባቢ አንዲት ጎጆ ቤት ተከቦ መሞት ሆነ።

ሃርዲንም እንደ እሱ ሩቅ አልሄደም። 12 ቀን ሙሉ ከአየርም ከምድርም ተፈለገ። ለጠቆመ እስከ 25 ሺህ ዶላር ተባለ። ግንቦት 29 ቀን የፍለጋ ውሾች ሽታውን አግኝተው ሲያዝ ከማረሚያ ቤቱ የራቀው 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእግር ግማሽ ሰዓት። ሰርቆ ያወጣው ምግብ ሲያልቅበት የዱር ፍሬ፣ የወፍ እንቁላል፣ ጉንዳን ሲበላ ከርሟል። የወንዝ ውሃ ጠጥቷል። እቅዱ ስድስት ወር ጫካ ውስጥ ተደብቆ ከዚያ ወደ ምዕራብ ማምራት ነበር። ለስድስት ወር የታሰበው ሁለት ሳምንት አልሞላም።

ይህንን በዝርዝር የጻፍኩት በምክንያት ነው። ቲክቶክ ላይ ስለ ተፈላጊ የሚሠራው ቪዲዮ ሁሉ ሰውየውን ያገዝፈዋል። እኛ ደግሞ ይህ ዓይነቱን ታሪክ የሚወድ ጆሮ አለን። ሽፍታ በታሪካችን ትልቅ ቦታ አለው። ካሣ ኃይሉ ቋራ ሸፍቶ በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። አባቶቻችን በጣሊያን ወረራ ዘመን «ዱር ቤቴ» ብለው የገቡት ለአገር ነው። ፍርድ ተነፍጎት፣ ርስቱን ተቀምቶ፣ ጫካ የገባ ሰው ፉከራና ቀረርቶ ወጥቶለታል። ስለዚህ «ፖሊሱ ሸፈተ» ሲባል ደማችን ይሞቃል። በደል ደርሶበት ይሆናል እንላለን፤ ሳንጠይቅ ጀግና እናደርገዋለን።

ሴት ጠልፎ ወይም ሰው ገድሎ የሸሸ ግን ሽፍታ ሊባል አይገባውም። ያ ቃል ለሌላ ሰው የተቀመጠ ነው። በእውነት በሐሰት የተከሰሰ አባል ካለ ደግሞ (አይኖርም አልልም፣ አለቃውን ስላስቀየመ የሚከሰስ ይኖራል) የሚሻለው ጠበቃ ይዞ መቅረብ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። የሸሸ ንጹሕ ሰው ይህንን መብት በገዛ እጁ ይጥለዋል።

በሌለበት

ሰው ሲጠፋ ክሱ አብሮት አይጠፋም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሽ በሌለበት ፍርድ የሚሰጥበትን መንገድ አስቀምጧል። ለሁሉም ወንጀል አይሆንም። በዋናነት ከ12 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎች ነው። መጥሪያው በጋዜጣ ይወጣል፤ ካልቀረበ ማስረጃ ተሰምቶ ይፈረድበታል። ሰውየው ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ቀርቦ በቂ ምክንያት ካሳየ ፍርዱ ሊነሳለት ይችላል።

ብዙ ሰው «በሌለበት ተፈረደበት» ሲባል ወረቀት ላይ የቀረ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። ኪዳነ ዘካርያስ የሚባለውን ኤርትራዊ የሰው አሸጋጋሪ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2020 አዲስ አበባ ላይ ከፍርድ ቤት ግቢ አመለጠ። በጥበቃ ሥር የነበረ ሰው ነው እንግዲህ። ፍርድ ቤቱ በሌለበት ዕድሜ ልክ ፈረደበት። እሱ ግን ከአገር ወጥቷል። በመጨረሻ ጥር 2023 እ.ኤ.አ. ሱዳን ውስጥ ተያዘ። ያመለጠው በአንድ ቀን ነው። ለመያዝ ወደ ሦስት ዓመት ገደማና የብዙ አገር ፖሊስ ፈጀ።

ከድንበር ሲወጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ኢንተርፖል «ቀይ ማስታወቂያ» ያወጣል ሲባል ኢንተርፖል ራሱ ሄዶ የሚይዝ የሚመስላቸው አሉ። ማስታወቂያው አባል አገሮች ሰውየውን ፈልገው እንዲይዙ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። አሳልፎ መስጠቱ በየአገሩ ሕግ ይወሰናል። የእኛም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 21 ኢትዮጵያዊን ለውጭ አገር አሳልፎ መስጠት ይከለክላል፤ እዚሁ ይዳኝ ይላል።

በአገር ውስጥ ያለው ችግር መታወቂያ ነው። የወረቀት የቀበሌ መታወቂያ ዘመን አንድ ሰው በአንድ ወረዳ አንድ ስም፣ በሌላው ሌላ ስም ሊኖረው ይችል ነበር። ፖሊስ የነበረ ሰው ደግሞ መታወቂያ የሚያወጡ ሰዎችን በስም ያውቃቸዋል። ፋይዳ ይህንን ቀዳዳ ያጠብበዋል የሚል ተስፋ አለኝ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ የጣት አሻራና የዓይን ምስል ይይዛል። ስም መቀየር ይቻላል፤ አሻራ ግን አይቀየርም። ዲላ ወይም ሻሸመኔ ቤት የሚያከራይ ሰው «ፋይዳህን አሳየኝ» ቢል ቅር የሚለው ተከራይ ለምን ቅር እንዳለው ራሱ ያውቃል።

የሚያውቁት ሰዎች

ለተፈላጊ ከመሣሪያ ይልቅ የሚያስፈራው የሰው ዓይን ነው። የእኛው ሰዎች ሁለት ታሪክ አላቸው። ሁለቱም ከቀይ ሽብር ይመጣሉ። ሰዎቹ መደበኛ ፖሊስ አልነበሩም፤ በዚያ ዘመን የማሰርና የመግረፍ ሥልጣን በእጃቸው የነበረ ናቸው።

ከልቤሳ ነገዎ በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 (ከፍተኛ በደርግ ዘመን የከተማ አስተዳደር ክፍል ነው) ሊቀ መንበር ነበር። ከዚያ አሜሪካ ገብቶ አትላንታ ሆቴል ውስጥ ሥራ ያዘ። በዚያው ሆቴል አስተናጋጅ ሆና የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት አንድ ቀን አየችው። በእሱ ትዕዛዝ የተሰቃየች ሴት ነበረች። ከሁለት ሌሎች ተበዳዮች ጋር ከሰሰችው። እ.ኤ.አ. በ1993 ፍርድ ቤቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። እዚህም በ2002 እ.ኤ.አ. በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ወደ አገሩ የተመለሰው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው።

ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ ደግሞ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ ነበር። የሌላ ስደተኛን ስም ወስዶ ዴንቨር ኖረ። በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ የሐበሻ ካፌ ውስጥ በዚያ እስር ቤት ታስሮ የነበረ ሰው አወቀው። ስሙ ተቀይሯል፣ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ከ30 ዓመት በላይ አልፏል። ፊቱን ግን አልረሳውም። በ2014 እ.ኤ.አ. ማንነቱን ደብቆ ዜግነት በማግኘቱ የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ሁለቱንም ያወቋቸው ተበዳዮቻቸው ናቸው። የተደበደበ ሰው የደብዳቢውን ድምፅ አይረሳም። ሕጉም በዚህ በኩል ከእነሱ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርና ኢሰብአዊ ድብደባ በይርጋ አይታገዱም ይላል። ፖሊስ ሆኖ እነዚህን የፈጸመ ሰው የሚጠብቀው ቀን የለውም። ለሌሎች ከባድ ወንጀሎችም ቢሆን ይርጋው ረጅም ነው። ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ለሚያስቀጡት 25 ዓመት ነው።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን ይህ ነው። ተፈላጊው በሚጠፋባቸው ቀናት የሚታሰረው ማን ነው? ተበዳይዋ ናት። ከቤት አትወጣም። ሥራ አትሄድም። ባጃጅ ከቤቷ ፊት ሲቆም ትደነግጣለች። ሰውየው መሣሪያ የያዘና ቤቷን የሚያውቅ፣ የጣቢያውንም ሰዎች የሚያውቅ ከሆነ «ለፖሊስ ንገሪ» የሚለው ምክር ባዶ ይሆንባታል። የነገረችው ፖሊስ ለማን እንደሚደውል በምን ታውቃለች?

የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል። የመኖሪያ ቦታ መቀየርን፣ ማንነትን መሰወርን፣ የአካል ጥበቃን ይፈቅዳል። አዋጁ ካለ ተግባሩ የት አለ ብለን የመጠየቅ መብት አለን። እኔ የሐዋሳ ነዋሪ እንደመሆኔ ከከተማዬ ፖሊስ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንድ አባል ተፈላጊ በሆነ ሰዓት ፎቶውና ስሙ በዚያው ቀን ይውጣ፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይጎድፋል ተብሎ አይዘግይ፣ የሚያጎድፈው መዘግየቱ ነው። መሣሪያው፣ የሥራ መታወቂያውና የደንብ ልብሱ መመለሱን በፊርማ የሚያረጋግጥ አንድ ሰው ይኑር፤ ካልተመለሰም ለየኬላው ይነገር። ሦስተኛው፣ ከአለቆቹ ስብሰባ በፊት፣ ከመግለጫውም በፊት፣ የመጀመሪያው ስልክ ለተበዳይዋ ይደወል። ደዋይዋ ሴት ፖሊስ ትሁን፣ ከሌላ ጣቢያ የመጣች ትሁን። ስሟን ትንገራት፣ ቀጥታ ቁጥሯን ትስጣት፣ ያን ሌሊት የት እንደምታድር አብረው ይወስኑ።